ግማሽ ባር

ኮሞዶሮ ላይ ነፋስ እንግዳ አይደለም፤
በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ ነው የሚከርም።
የጋራዡን ቆርቆሮ ሲደበድብ አድሮ
ማለዳ ያፏጫል በባዶው በርሜል ዞሮ።
ኮረብታው ላይ ያሉት የዘይት ጉድጓድ ፓምፖች
አንገት ደፍተው ቀና፣ ደፍተው ደግሞ ቀና፤
ሌት ተቀን ይሰግዳሉ
ማን እንደሚሰማቸው ሳይጠይቁ ገና።

እኔ ኔሊዳ ነኝ። አባቴ ኦስማር ነው።
በመካከላችን ያለችው ፊያት ናት፤
ግማሽ ጎኗ ቀይ ነው፣ ግማሽ ጎኗ ዝገት።
ፋብሪካ የሰጣት ትንፋሽ አልበቃ ብሎን
ከተገለበጠ ናፍጣ መኪና ቱርቦውን ነቅለን
ገጠምንላት።
እሁድ ውድድር አለ። ከእሁድ በፊት ግን ይህቺ ጠዋት።

«አየር» ይላል አባቴ፣ «ከየትም ይመጣል፤
ነዳጅ ነው ጭንቀቱ፣ በልክ ይሰፈራል።
ቢበዛ ታጨሳለች፣ ትነግርሻለች በጥቁር፤
ቢያንስ ግን ዝም ብላ ነው የምትነድ፤ ያ ነው ክፉ ነገር።»

ይህን ሲል ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ይሄዳል፤
እዚያ የአምናው ፒስቶን አለ፣
አናቱ ጥርስ እንዳረፈበት አይብ የጎደጎደ።
ወንድሜ ዳርዶ ነበር ግፊቱን የለካው፤
«ቸኩለህ ነው» አለው አባቴ፤ «እጅህ ነው ያቃጠለው።»
ዳርዶ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣
በቀስታ፣ ድምፅ ሳያሰማ።
ቢወረውረው ይሻል ነበር።
አሁን ሪዮ ጋሌጎስ የሰው ቧንቧ ይጠግናል።
እናቴ ትደውላለች፤ ያነሣል።
አባቴ ያን ጊዜ ውጭ የረሳው ነገር ይኖራል።

ሞተሩን አስነሣሁ። በሚኒሞ ረጋ፣
እንደተኛ ውሻ ሆዱ ከፍ ዝቅ እያለ።
ከሬጉሌተሩ ጫፍ ቀጭኗን ቱቦ ነቀልኩ፣
አፏን በቡሎን ደፈንኩ፣
ዳዶውን አላላሁ።
ካቻቢቴው በሩብ በሩብ ዙር፤
መርፌዋ ሁለት ተኩል፣ ትንሽ አለፍ፣ ሦስት።
«ሦስት ባር» አልኩ።
«እሰሪው።»
ቱቦዋን ስመልስ መርፌዋ ዝቅ አለች፣ እንደሚገባት።
ሁሉም ልክ ነበር። ዳርዶም እንዲሁ ነው ያደረገው፤
ያን ቀን ባትሪውን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ሞተሩን አጥፍቼ ጌጁን ልፈታ አላላሁ፤
ነዳጁ ጨርቁ ላይ ተፋ፣ ሸተተ፣ አለቀ።
መርፌዋ ወረደች፣ ወረደች፣
ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች።
መስታወቱን በጥፍሬ መታሁ። አልተነቃነቀችም።
ጌጁን ነቅዬ በመዳፌ ያዝኩት፦
ከምንም ያልተቀጠለ፣ ምንም የማይገፋው፣
ባዶውን ሆኖ «ግማሽ አለኝ» የሚል።

«አባባ።»
መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፤ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው።
አገላበጠው። ከጀርባው በራሱ እጅ የተጻፈ አለ፦
«የኦስማር ነው፣ አይነካ።»
ጠርዙ ላይ ስርጉድ ነበረ። መቼ እንደወደቀ እኔ አላውቅም፤
እሱ ግን አውራ ጣቱን ስርጉዱ ላይ አኖረ፣
አላነሣም።

ሦስት ያልነው ሁለት ተኩል ነው።
አምናም ሁለት ተኩል ነበር።

ነፋሱ ቆርቆሮውን ዘለለበት።
ማቴው በጽዋው ቀዘቀዘ።
አባቴ ፕላስተር ቀደደ፣ ጌጁ ላይ ለጠፈ፣
«ግማሽ ቀንስ» ብሎ በእርሳስ ጻፈ።
ከዚያ ስልኩን አወጣ።
ጣቶቹ ግራሶ ናቸው፤ መስታወቱ አልታዘዝ አለው፤
ደጋግሞ በሱሪው ጠረጋቸው።
«አንቺ ንኪልኝ» አለ፣ «የልጁን ቁጥር።»

ነካሁለት።
ጮኸ። ጮኸ።
እኔ ካቻቢቴውን አንሥቼ ሞተሩ ላይ አጎነበስኩ፣
የጎደለውን ግማሽ ልመልስ፣
በሩብ፣ በሩብ ዙር።